የደም ሲዲ4 ሴሎች ላይ ኤችአይቪ ጨምሬ ካስፔዝ-1 አልነሳ አለኝ

ሰላም፣ የማስተርስ ቴሲሴ ኤችአይቪ ሲዲ4 ሴሎችን (በሽታ የሚከላከሉ ነጭ የደም ሴሎች) እንዴት ራሳቸውን እንዲያጠፉ እንደሚያደርግ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጡት ጥናቶች በሊምፍ ቲሹ ውስጥ ከሚሞቱት ሲዲ4 ሴሎች ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቫይረሱ ገብቶ ሳይባዛ የቀረባቸው ናቸው ይላሉ፣ አይኤፍአይ16 (በሴሉ ውስጥ የውጭ ዲኤንኤ የሚለይ ፕሮቲን) ያላለቀውን የቫይረስ ዲኤንኤ ያገኝና ካስፔዝ-1 (ይህን ሞት የሚያስጀምር ኢንዛይም) ይነሳል ከዛ ሴሉ አብጦ ይፈነዳል፣ ይህ ሞት ፓይሮፕቶሲስ ይባላል (ሲፈነዳ ደግሞ ሌሎች ሴሎችን ወደዛው መጥራቱ ነው በጣም የሚያሳዝነው)። እኔ ጋ ያሉት ግን ከደም የወጡ፣ አክቲቬት ያልተደረጉ (ያልተነቃቁ) ሲዲ4 ሴሎች ናቸው። ነጻ ቫይረስ ጨመርኩ፣ መጠኑን ከፍ አደረግኩ፣ ሰዓቱንም አስረዘምኩ፣ ካስፔዝ-1 የለም አይኤል-1ቤታም (ካስፔዝ-1 ሲነሳ የሚወጣ የብግነት ምልክት ፕሮቲን) የለም፣ ሴሎቹ በህይወት አሉ። የሊምፍ ቲሹ የሆነው የቶንሲል ቲሹ እዚህ አይገኝም። በነጻ ቫይረስ ፈንታ በኤችአይቪ ቀድመው የተያዙ ሴሎችን አብሬ ባሳድግ የደሙ ሴሎች ፓይሮፕቶሲስ ያሳያሉ ወይስ የግድ የሊምፍ ቲሹ ሴልም መቀላቀል አለብኝ?