ከምድጃው በላይ ቧንቧ ላስገጥም ወይስ ይቅር?

ደሴ ነው የምንኖረው። ወጥ ቤታችንን እያደስን ነው። ግድግዳው ገና ሴራሚክ አልለበሰም፤ ስለዚህ በዚህ ሳምንት መወሰን አለብኝ።

እናቴ ለዱዓ ስትደግስ የምታበስለው በ20 ሊትር ድስት ነው። ባለፈው ከሲንኩ ሞልታ ታቅፋው ስትሄድ ጉልበቷ ከዳትና ውሃው ቀሚሷ ላይ ተደፋ። እንዲያ ሆና እንኳ ድስቱን አልለቀቀችም። ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ነው! እሷ ደግሞ "እርዱኝ" ማለት አታውቅም።

በጆግ መሙላት ሞከርን፤ ሰለቻት። የሲንኩ ቧንቧ ላይ ጎማ ሰካሁ፤ ውሃው ሲከፈት ጎማው እየተፈናጠረ ይወጣል።

አሁን ያሰብኩት ግድግዳው ላይ የሚገጠመውን፣ ክንዱ የሚታጠፈውን ቧንቧ ነው። ግን ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው፤ ሌላውን ቀን ከሮቶ ነው የምንጠቀመው። ሮቶው ከምድጃው በ3 ሜትር ያህል ከፍ ቢል ነው፤ ግፊቱ 0.3 ባር ገደማ፣ ማለትም ደካማ መሆኑ ነው። ፓምፕ የለንም። ቧንቧው ቢያንጠባጥብ ደግሞ ከሥሩ ሲንክ የለም፣ በቀጥታ ምድጃው ላይ ነው። የበሰለውን ማውረድም ያው በእጅ ነው።

እንዲህ ያለ ቧንቧ ያለ ፓምፕ፣ በሮቶ ውሃ የተጠቀማችሁ ካላችሁ፣ ግድግዳ ለማስፈልፈል የሚያበቃ ጥቅም አገኛችሁበት?