የአባቴ ሆንዳ ሐረጎ ዳገት ላይ እየጠፋ አስቸገረኝ
ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ሲሠራበት የኖረው ሆንዳ ሲጂ 125 ሞተር ብስክሌት 12 ዓመት ሙሉ ጎተራ ሥር ቆሞ ነበር። ካርቡሬተሩን ፈትቼ አጠብሁ፣ የታንከሩን ዝገት አስለቀቅሁ፣ ካንዴላ (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) እና ዘይት ቀየርሁ። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ እንደ ጥንቱ ይሄዳል፤ ድምፁን ስሰማ እንባዬ መጣ። ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስይዝ ግን ሲግል ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ ካንዴላውን ነቅዬ ስፈትሽ እሳት የለውም፤ ጫፉም በጥቀርሻ ጠቁሯል። 20 ደቂቃ ካረፈ ምንም እንዳልሆነ ይነሣል። ጥቀርሻው፣ ከፍታው አየሩን ስላሳሳው ቤንዚን በዝቶበት ይመስለኛል። እሳቱን የሚያጠፋው ግን ቦቢናው (ለካንዴላው ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ጥቅል ሽቦ) ነው ወይስ ኮንዴንሰሩ (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚይዘው ትንሹ ዕቃ)? አንድ መካኒክ ሞተሩ ይውረድ አለኝ፤ አላመንሁበትም። ሁለቱንም ሳልገዛ ለይቼ የምፈትሽበትን መንገድ የምታውቁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። አባቴን አፈናጥጬ ሐይቅ እስጢፋኖስን ላሳልመው ቃል ገብቼለታለሁ።