ትራፊክ ታርጋ መፍታት ይችላል ወይ?

ባለባጃጁ፦ ጀመዓው እንዴት ናችሁ። ተናድጄ ስለምጽፍ ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ከነዘንቢላቸው እስኪወርዱልኝ ጥግ ይዤ ቆምኩ። ክልክል ቦታ ነበር፣ አልክድም። ትራፊኩ መጣ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ ከኪሱ ፒንሳ አውጥቶ ጎንበስ አለና የኋላ ታርጋዬን ይፈታ ጀመር። አንዱ ብሎን ዝጎ እምቢ ሲለው ቀና ብሎ "መፍቻ አለህ?" አለኝ። ሰጠሁት! የገዛ መፍቻዬን። "ነገ ቢሮ ና" ብሎ ታርጋዬን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ሄደ። ወረቀት አልሰጠኝም። ወደ ቤት ስገባ ደግሞ ሌላ ትራፊክ አስቆመኝ። ጥፋቴ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ያለ ታርጋ ማሽከርከር። ወላሂ ሳቄ ነው የመጣው። የከተማውን ስም ተዉት። እስቲ ንገሩኝ፣ ይሄ ነገር ሕግ አለው?

ጡረተኛው ትራፊክ፦ ልጄ፣ እኔ ይሄን ሥራ ሠርቼ ነው የወጣሁት። ታርጋ የሚፈታው ለምን መሰለህ? ሹፌሩ መኪናውን መሀል መንገድ ገትሮ ቡና ሊጠጣ ይገባል። ማንን ትቀጣለህ? መኪናውን በትከሻህ አትሸከመው። ታርጋውን ስትይዝ ግን በራሱ እግር ይመጣል። ባጃጅ ላይማ ሌላ ጣጣ አለ። ግማሹ ቦሎ የለውም፣ ሲጠሩት በቅያስ ይሾልካል።

ባለባጃጁ፦ ጋሼ፣ እኔኮ መሪዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። መቼ ሾለክሁ?

ጡረተኛው ትራፊክ፦ አንተ ላይ የተደረገው ልክ አይደለም። ሹፌሩ ካለ ክሱን ጽፈህ ትሰጠዋለህ፣ አለቀ።

የሕግ ተማሪው፦ ጋሼ ልክ ብለዋል፣ ግን ነገሩ ከዚያም ያልፋል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ ማንም ሰው ሰውነቱና ንብረቱ ከመመርመር፣ በእጁ ያለ ንብረትም ከመያዝ የመጠበቅ መብት አለው ይላል። ገደብ የለውም እያልኩ አይደለም። ንዑስ አንቀጽ 3 ለሕዝብ ሰላም፣ ወንጀል ለመከላከል እና ለመሳሰሉት ሊገደብ እንደሚችል ይገልጻል። ግን አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖር፣ ያውም በዝርዝር ሕግ። "ልማድ ነው" የሚባል ዝርዝር ሕግ ደግሞ የለም። አዋጅ 681/2002 ተሽከርካሪ ሳይመዘገብና ሰሌዳ ሳይኖረው መንገድ ላይ እንዳይወጣ ይከለክላል። እንግዲህ መንግሥት ራሱ ሰሌዳህን ፈትቶ "ንዳው" ካለህ ወደ ጥፋት የገፋህ ማነው?

ባለተሳቢው፦ ጠበቃው ጥሩ ተናገርክ፣ ግን አንቀጽ 26ን እስቲ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ገመድ ለወጠረው ልጅ አንብብለት። እኔ የጅቡቲ መስመር ነኝ። ከሚሌ ተነስቼ በባቲ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ እስክገባ ስንት ቦታ እንደምቆም እኔና ረዳቴ ነን የምናውቀው። አንዳንዱ ኬላ ወግ ያለው ነው፤ ሊብሬ ያያል፣ መንጃ ፈቃድ ያያል፣ "መልካም መንገድ" ይልሃል። አንዳንዱ ገመድና ድንጋይ ብቻ ነው። እዚያ ማን እንደሆነ መጠየቅ ራሱ ያስጠረጥራል። ያንተ ታርጋ ተፈቶ በማግስቱ ይገኛል። እኔን ገና ፊቴን ሳያዩ ታርጋዬ ላይ ያለውን ፊደል አይተው የሚያስቆሙኝ ቦታ አለ። አማ የሚል ታርጋ ይዘህ አንዳንድ መንገድ ስትሄድ ልብህ ይመታል። ሌላው ክልል ያለው ሹፌርም በእኛ በኩል ሲያልፍ እንደዚያው ይላል፣ አልዋሽም።

ባለሱቋ ከከሚሴ፦ አዲሱ ታርጋ የክልል ፊደል የለውም እየተባለ አይደል? እሱ ቢያግዝ።

ባለተሳቢው፦ ያግዛል እህቴ። ከዚያ ደግሞ መታወቂያ ይጠይቁሻል።

ዳላስ ያለው፦ እዚህ አሜሪካ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ታርጋ ነው የሚሰጠው፣ የሌላ ግዛት ታርጋ ስለያዝክ ብቻ ግን ፖሊስ ሊያስቆምህ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1979 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በደላዌር ግዛት ጉዳይ የወሰነው አለ። ፖሊስ ያለ አንዳች ጥርጣሬ እንዲሁ አንዱን መኪና መርጦ "መንጃ ፈቃድ አሳየኝ" ማለት አይችልም። የሚመጣውን መኪና ሁሉ በእኩል የሚያስቆም ኬላ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል አለ። ከዚያ በ1990 የጠጪ ሹፌር ፍተሻ ኬላ ተፈቀደ፣ በ2000 ደግሞ ኢንዲያናፖሊስ ላይ አደንዛዥ ዕፅ ለመፈለግ የቆመ ኬላ ውድቅ ሆነ። ታርጋ ላይማ የሚገርም ክስ አለላችሁ። ኒው ሃምፕሻየር ታርጋው ላይ "በነፃነት ኑር ወይም ሙት" የሚል መፈክር አለው። አንድ ሰውዬ ሃይማኖቴ አይፈቅድም ብሎ ጽሑፉን ሸፈነው። ተቀጣ፣ ታሰረም። በመጨረሻ በ1977 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ረታ።

ባለባጃጁ፦ ታርጋውን ሸፍኖ ረታ? እኔ ጭቃ ቢሸፍንብኝ እንኳን እቀጣለሁ ወንድሜ።

ዳላስ ያለው፦ መፈክሩን ነው የሸፈነው፣ ቁጥሩን አይደለም። ደግሞ እዚህ ሁሉ ማር እንዳይመስላችሁ። ፖሊስ ካስቆመህ ከመኪናው ውረድ ሊልህ ይችላል፣ እሱንም በ1977 ፈቅደዋል። "እኔ መንገደኛ እንጂ ሹፌር አይደለሁም፣ ታርጋም መንጃ ፈቃድም አያስፈልገኝም" እያሉ በቪዲዮ የሚከራከሩ ሰዎች አሉ። ፍርድ ቤት ሲደርሱ ይሸነፋሉ።

ጡረተኛው ትራፊክ፦ ይሄ "ጥርጣሬ ከሌለ አታስቁም" የሚባለው ነገር እኛ አገር ሰው ይፈጃል። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 600 ሜትር ገደማ ቁልቁል ትወርዳለህ። ፍሬን የበላ አይሱዙ ከላይ ሲነሳ ምን ጥርጣሬ ታገኝበታለህ? ሰላማዊ ነው፣ ሹፌሩ ዘፈን ከፍቷል። አስቁመህ ጎማውን ካልረገጥክ፣ ፍሬኑን ካላስያዝከው ምንም አይታይህም። እኔ ሁለቱን ከላይ መልሻለሁ። አንዱ ሹፌር እየሰደበኝ ነው የተመለሰው። መብቱን ነካሁ? ልንካው!

የሕግ ተማሪው፦ ጋሼ፣ ከዳላስ የመጣው ሐሳብኮ ይሄን አይቃወምም። ቁልቁለቱ አናት ላይ ቆመው የሚወርደውን ሁሉ ፍሬን ቢያዩ ማንም አይከስዎትም። ሕይወት የሚያድን፣ ለሁሉም እኩል የሆነ ነው። የእኔ ቅሬታ ከመሀል አንዱን መርጦ ማስቆም ላይ ነው። ወይ ሁሉን አስቁም፣ ወይ ምክንያትህን ንገረኝ። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። ንብረቴን ስትወስድ ስምህ ያለበት ወረቀት ስጠኝ ማለት ከዚህ ይበልጣል እንዴ?

ባለሱቋ ከከሚሴ፦ እናንተ ስለ ሹፌር ብቻ ነው የምታወሩት። ተሳፋሪውስ? እኔ ዕቃ ከአዲስ አበባ የማመጣ ሰው ነኝ። አውቶቡሱ ይቆማል፣ ሁላችንም እንወርዳለን፣ ሻንጣ ይዘረገፋል። አንዴ ለልጄ የገዛሁት የዒድ ልብስ አቧራ ላይ ወድቆ የረገጡት አሁንም ያንገበግበኛል። ሴትን ሴት ትፈትሽ ሲባል ደግሞ "ሴት ፈታሽ የለችም፣ ቶሎ በይ" ይሉሻል።

የሕግ ተማሪው፦ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንኳ የተያዘ ሰው ሲፈተሽ ፈታሹ ተመሳሳይ ፆታ ይሁን ይላል። ለተያዘ ሰው እንደዚህ ካለ አንቺ ምንም ያላደረግሽው አይብስም?

ባለተሳቢው፦ ሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ "አሁን አዋጅ ነው" ይሉን ነበር። እሺ አልን። አዋጁ አለቀ፣ ገመዱ አላለቀም።

የሕግ ተማሪው፦ አንቀጽ 93 ራሱ ቢበዛ 6 ወር፣ ከዚያ በየ4 ወሩ ምክር ቤት ያድሰው ይላል። ሳይታደስ በልማድ የሚቀጥል አስቸኳይ ጊዜ የለም።

ጡረተኛው ትራፊክ፦ በወረቀቱ እስማማለሁ። በእኛ ጊዜም ወረቀት የማይሰጠውን እናውቀው ነበር፣ ለምን እንደማይሰጥም እናውቅ ነበር። ሌላ አታናግሩኝ።

ባለባጃጁ፦ ማለቂያውን ልንገራችሁ። በማግስቱ ቢሮ ሄድኩ። ታርጋዎቹ በካርቶን ተከምረዋል፣ እንደ ድንች እያገላበጥኩ የራሴን ፈለግሁ። ከፍዬ ወሰድኩ፣ ለዚህኛው ደረሰኝ ሰጡኝ። ብሎኖቼ ግን ጠፍተዋል። ለጊዜው በሽቦ አስሬዋለሁ። ጋሼ፣ በሽቦ የታሰረ ታርጋ ያስቀጣል እንዴ?

ጡረተኛው ትራፊክ፦ ያስቀጣል።