አንድ አውራ ብቻ ያለው የዋሸራ በግ መንጋ፦ አውራ መለወጥ ይበቃል?

ግሽ_እርባታ፦
ሰላም ወገኖች። ጎጃም፣ ሰከላ ውስጥ ያለ የበግ መንጋ ነው፤ 20 እናት ዋሸራ፣ 1 አውራ። አውራው እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው፤ መንጋው ከሌላ ጋር አይገናኝም። የዘንድሮ ግልገሎች ደቃቃ ሆኑ። ሁለቱ የታች መንጋጋቸው አጥሮ ጡት መያዝ ያቅታቸዋል፣ የአንዱ ጠቦት አንድ ቆለጥ አልወረደም። ዝምድና ነው? አውራ መለወጥ ብቻ ይበቃል?

ዳንግላ_ርቢ፦
መንጋጋውና ቆለጡ ዝምድናን አጥብቀው ያስጠረጥራሉ። መቀጨጩን ግን የጉበት ትልም የመኖ እጥረትም ያመጣዋልና በጠጣቸውን አስመርምር።

አባት ልጁን ሲያጠቃ (ሲሰርራት) የግልገሉ የዝምድና መጠን፣ ማለትም ከአንድ ዘመድ የመጣውን ያንኑ ዘረመል ከአባቱም ከእናቱም የመውረስ ዕድሉ፣ 25 በመቶ፣ በአባት ብቻ የምትገናኘውን እህቱን ሲያጠቃ 12.5 በመቶ ነው። በአንዱ ወገን ብቻ ሲመጣ ተደብቆ የሚቀር ጉድለት በሁለቱም ወገን ሲመጣ ይወጣል።

ብዙ ሰው የሚስተው ይሄን ነው፦ የሴቶቹ ብዛት አያድንም። መንጋው በዘር ስንት ራስ እንደሚቆጠር የሚያሳየው ቀመር 4 × ወንድ × ሴት ÷ (ወንድ + ሴት) ነው። ያንተ መንጋ 80 ÷ 21፣ ማለትም 3.8 ይመጣል። በዓይን 21 ራስ ነው፣ በዘር ግን አራት አይሞላም፤ ዝምድናው በየትውልዱ 13 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሴቶቹን 100 ብታደርሳቸው እንኳ 4 አይሞላም። አውራዎቹን 4 ብታደርግ ግን በዚያው 20 እናት 13.3 ይደርሳል።

ቡሬ_ቬት፦
ባዳ አውራ ይግባ። እናቶቹ የቱንም ያህል ቢዛመዱ የመጀመሪያ ግልገሎቹ የዝምድና መጠን ዜሮ ነው። ችግሩ ሁለተኛው ዙር ላይ ነው። ጥቅምት ቢገባ መጋቢት ላይ ይወለዳል፤ ሴቶቹ በ7 ወር ገደማ መድራት ስለሚጀምሩ በቀጣዩ ጥቅምት የገዛ ልጆቹን ያጠቃል። ስለዚህ መስከረም ላይ ይውጣ።

ጠቦቶቹን ከ4 ወር በፊት ለያቸው ወይም አኮላሻቸው። እናቱን የሚያጠቃው ማንም ልብ የማይለው ጠቦት ነው። አንድ ቆለጥ የወረደለትም ማስረገዝ ይችላልና ለእርድ እንጂ ለዘር አይቆይ።

ጮቄ_ዘር፦
አንድ ባዳ ገብቶ ሲቀመጥ የሚሆነው በዱርም ታይቷል። በአሜሪካ አይል ሮያል ደሴት በ1997 እ.ኤ.አ. አንድ ወንድ ተኩላ ሐይቁ ላይ በተጋገረው በረዶ ተሻግሮ ገባ። ዘሩ ለጊዜው ታደሰ፤ ቆይቶ ግን ተኩላዎቹ ሁሉ ማለት ይቻላል የእሱ ዘር ሆኑ፣ በ2016 ሁለት ብቻ ቀሩ፤ አባትና ልጅ።

ስለዚህ በተለያየ ጎጥ ካሉ ሦስት አርቢዎች ጋር ተስማማ። አውራዎቹ በየመስከረሙ በአንድ አቅጣጫ ይዙሩ፣ ሴቶቹ ባሉበት ይቅሩ። የመጀመሪያዎቹን አውራዎች ከጎረቤት ሳይሆን እንደ እንጅባራ ካለ ራቅ ያለ ገበያ ግዙ። ስትገዙ ሁለቱን ቆለጥ በእጅ ዳስሱ፤ እኩልና ጠንከር ያሉ ይሁኑ። ከንፈሩንም ገልጣችሁ መንጋጋው መግጠሙን እዩ። ሦስት ሳምንት ለብቻው አቆዩትና ከዚያ ይቀላቀል። የእያንዳንዱን ግልገል አባት ደብተር ላይ ጻፉ፣ አለዚያ በአራተኛው ዓመት ዙሩ ይምታታል።