ከቢሾፍቱ እስከ ጅቡቲ ባሕር በሞተር ብስክሌት፦ በጣርማበር ወይስ በጨርጨር ተራሮች?

ጠያቂ፣ ከቢሾፍቱ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና አንድ ጓደኛዬ በመጪው ኅዳር ከቢሾፍቱ ተነስተን በሞተር ብስክሌት እስከ ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ለመውረድ እየተዘጋጀን ነው። ሁለቱም ሞተሮች ባለ 200 ሲሲና ካርቡራተር ያላቸው ናቸው። በአዋሽና በገዋኔ አድርጎ ሚሌ የሚያደርሰውን ቀጥተኛ መንገድ አስበንበት ትተነዋል፤ የምንሄደው ባሕሩን ለማየት ብቻ ሳይሆን ተራራውንም እያዩ ለመውረድ ስለሆነ፣ ቀኑን ሙሉ በሜዳ ላይ ከከባድ መኪና ጋር መጋፋት አልፈለግንም።

የቀሩን ሁለት አማራጮች ናቸው። አንደኛው በደብረ ብርሃን፣ በጣርማበር፣ በደብረ ሲና፣ በኮምቦልቻና በባቲ አልፎ ሚሌ ላይ ከዋናው መንገድ ጋር የሚገናኘውና በጋላፊ በኩል የሚወጣው ነው። ሁለተኛው ከአዋሽ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ የጨርጨርን ተራሮች በአሰበ ተፈሪ፣ በሂርናና በቁልቢ ካቋረጠ በኋላ ወደ ድሬዳዋ ወርዶ በደወሌ የሚወጣው ነው። ሁለቱን የምታውቁ ሰዎች፣ ተራራ ለሚወድ ሰው የትኛው እንደሚበልጥ፣ አደጋውስ በየትኛው በኩል እንደሚከፋ ብታስረዱን እናመሰግናለን።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ ስለ ውበቱ ብቻ ከሆነ የጠየቁት፣ ጣርማበርን የሚያህል በሁለተኛው መንገድ ላይ አያገኙም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ከእርሷ ወዲያ ያለው ሜዳ ያን ያህል ሽቅብ የሚወጡ አይመስልም፤ ሳይታወቅዎ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳሉ፣ ከዚያም ምድሩ በአንድ ጊዜ ይቆረጥና የይፋት ቆላ ከእግርዎ ሥር ተዘርግቶ ይታያል። ጣልያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉት ዋሻ እዚያው ጫፍ ላይ ነው። ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ከፀሐይ ወደ ጨለማው በድንገት ሲገቡ ዓይን እስኪለምድ ድረስ ምንም ስለማይታይ፣ ከመግባትዎ በፊት ፍጥነት ይቀንሱ፣ ጥቁር መነጽር ካደረጉ ያውልቁ፣ መብራትዎን ያብሩ።

ከዋሻው በኋላ እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ቁልቁለት የዚህ መንገድ ዋና ፈተና ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ብርድ ተነስተው ወደ 1,300 ሜትር ሙቀት ይወርዳሉ፤ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ጭነት የያዙ ተሳቢዎችም በዝግታ እየወጡና እየወረዱ ኩርባውን ሙሉ በሙሉ ይዘጉታል። በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ግሎ እምቢ ሊለው ይችላል። ስለዚህ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ይዘው በሞተሩ ኃይል ይውረዱ፤ ፍሬኑን ኩርባው ውስጥ ሳይሆን ከኩርባው በፊት ነካ እያደረጉ ይልቀቁት። ማርሹን ነጻ አድርጎ ቤንዚን ለመቆጠብ መንሸራተት በዚህ ቁልቁለት ላይ ፈጽሞ የማይሞከር ነገር ነው።

ስለ ካርቡራተሩ ጠቅሰዋልና ልጨምር። በ3,000 ሜትር ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር 30 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ ካርቡራተር ደግሞ ይህን ዐውቆ ቤንዚኑን ስለማይቀንስ ሞተሩ ይታፈናል፣ ዳገት ላይም ይደክማል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ብልሽት መስሏችሁ መንገድ ዳር እንዳትፈቱት፤ ወደ ቆላ ስትወርዱ ራሱ ይስተካከላል። የአየር ማጣሪያውን ግን ከመነሳታችሁ በፊት አጽዱት።

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ያለው መንገድ ሲጓዙበት ደስ ይላል። ከቻላችሁ ሰኞ ዕለት ባቲ እንድትደርሱ ጉዞውን አስሉት፤ የደጋው ገበሬና የአፋር አርብቶ አደር ከነግመሉ የሚገናኙበት ታላቁ ገበያ የሚቆመው ሰኞ ነው። ከባቲ በኋላ ዛፉ እየሳሳ፣ ሙቀቱ እየጨመረ ሄዶ ሚሌ ላይ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛላችሁ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ሳልሸሽግ መናገር አለብኝ። የሰሜን ሸዋና የወሎ መንገድ የጸጥታ ሁኔታ ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል፤ አንዳንድ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ይዘጋል። በዚያው ሳምንት መንገዱን ያለፈ ሾፌር ሳትጠይቁ አትነሱ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ የማየት ጉጉትን ወደ ሌላ ዓመት ማስተላለፍ ይሻላል።

መልስ፣ ከድሬዳዋ

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ ነገር ግን የጨርጨር መንገድ ከጣርማበር ያነሰ ተደርጎ መታየቱን አልቀበለውም። ጣርማበር አንድ ታላቅ ቁልቁለት ነው፤ በጨርጨር ግን ከአሰበ ተፈሪ እስከ ደንገጎ ድረስ ሰዓታት ሙሉ በተራራው ጀርባ ላይ ነው የሚኬደው። ይህ ተራራ የአዋሽንና የዋቢ ሸበሌን ተፋሰሶች የሚለይ ነውና፣ በአንዳንድ ቦታ መንገዱ ጫፉን ይዞ ሲሄድ በግራ የአዋሽ ቆላ በጭጋግ ውስጥ፣ በቀኝ ደግሞ እርከን የተሠራባቸው የማሽላ እርሻዎች ይታያሉ። በኅዳር ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሚሆን ሩቁ ሁሉ ይታያል። ለሞተረኛ ደግሞ ተከታታይ መለስተኛ ኩርባ ከአንድ አስፈሪ ቁልቁለት የበለጠ ደስታ ይሰጣል ብዬ አምናለሁ።

የዚህ መንገድ አደጋ ጫት የጫኑት አይሱዙዎች ናቸው። ጫቱ ሳይጠወልግ ገበያ መድረስ ስላለበት በኩርባ ላይ ሳይቀር እየቀደሙ ይመጣሉ፣ ለሞተር ብስክሌት ቦታ ይለቃሉ ብሎ መጠበቅም አይቻልም። ከኋላ ክላክስ ስትሰሙ ጠርዝ ይዛችሁ አሳልፏቸው። ሌላው የቁልቢ ገብርኤል ክብረ በዓል ነው፤ ጉዟችሁ ተራዝሞ ወደ ታኅሣሥ 19 ከተጠጋ መንገዱ በምእመናንና በአውቶቡስ ይሞላል፣ ማደሪያም አይገኝም።

ደንገጎ ላይ መንገዱ ይከፈላል፤ ቀኙ ወደ ሐረር፣ ግራው ወደ ድሬዳዋ ነው። ወደ ድሬዳዋ የሚወስደው በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ እስከ 1,200 ሜትር ድረስ ይጥላችኋል፤ ከኮምቦልቻ የጻፉልን ሰው ስለ ማርሽ የሰጡት ምክር እዚህም ይሠራል። ድሬዳዋ አንድ ሌሊት አድራችሁ ሞተሩን አስፈትሹ፤ ጎሚስታም፣ መካኒክም፣ ካላማዳሪያም በቀላሉ ይገኛል። ከዚያ እስከ ደወሌ ያለው 220 ኪሎ ሜትር ያህል የክፍያ መንገድ ነው፤ ተራራ ግን እስከ ዓሊ ሳቢህ ድረስ አትጠብቁ።

ጠያቂ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጓደኛዬ በጨርጨር ሄደን በባቲ እንመለስ የሚል ሐሳብ አመጣ፤ እኔም ወድጄዋለሁ። ከድንበሩ ወዲያ ያለውን የሚያውቅ ሰው ካለ ስለ ወረቀቱና ባሕሩን የት ብናይ እንደሚሻል ይንገረን።

መልስ፣ በጅቡቲ መስመር የሚሠራ ሾፌር

ልጆቼ፣ እኔ ተሳቢ ነው የምነዳው፤ ስለዚህ በመጀመሪያ ከእኛ ወገን ያለውን ልንገራችሁ። ተሳቢው ጠባብ ቦታ ላይ ሲታጠፍ በጎኑና በኋላው ያለ ሞተረኛ አይታየንም። መስታወታችንን የማታዩ ከሆነ እኛም እናንተን አናያችሁም። ጎማ ሲፈነዳብን የሚወረወረው ቁራጭ ሰው ይጥላልና ከጎናችን ተለጥፋችሁ አትጓዙ፤ ወይ ቅደሙ፣ ወይ ወደ ኋላ ቅሩ። ከጋላፊ እስከ ዲኪል ያለው መንገድ ቀንና ሌሊት የተሳቢ ሰልፍ ስላለበት፣ በዚያ በኩል በምትመለሱበት ቀን ሌሊት እንደማትነዱ ቃል ግቡልኝ። ግመልም በጨለማ አስፋልት ላይ ይተኛል።

ወረቀትን በተመለከተ፣ ፓስፖርት፣ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬና በኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) አገሮች የሚሠራው ቢጫ ካርድ የተባለው የመድን ሰነድ ያስፈልጋችኋል። ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ከሆነ የተረጋገጠ ውክልና ያዙ። ተሽከርካሪን ለጊዜው ከአገር የማስወጣት ፈቃድ የሚሰጠው ጉምሩክ ስለሆነ፣ ድንበር ላይ ደርሳችሁ ከመጨቃጨቅ አስቀድማችሁ ጨርሱት። ስለ ቪዛው ኤምባሲውን ጠይቁ።

ባሕሩን ግን ጅቡቲ ከተማ ላይ አይታችሁ አትመለሱ፤ ወደ ታጁራ ሂዱ። መንገዱ የጉቤትን ባሕረ ሰላጤ ከላይ እያሳየ ያልፋል፤ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ወደሚገኘው የአሳል ሐይቅ የሚወስደው መታጠፊያም በዚያው ነው። ከታጁራ ጀርባ የጎዳ ተራሮች ከባሕሩ አጠገብ ተነስተው ከ1,700 ሜትር በላይ ይወጣሉ፤ ዴይ የሚባለው የጥድ ደንም ያለው እዚያ ላይ ነው። ተራራና ባሕር አንድ ላይ የምትፈልጉ ከሆነ ከዚህ የተሻለ ቦታ በዚያ አገር አላውቅም። የሸዋ ሲራራ ነጋዴም በድሮ ዘመን ከአንኮበር ተነስቶ የሚደርሰው እዚሁ ታጁራ ነበር።

ወደ ደኑ የሚወጣው ግን ኮረትና ድንጋይ የበዛበት ነው፤ ጭነታችሁን ታጁራ አውርዳችሁ በቀላል ሞተር በጠዋት ውጡ።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልን አባታችን፤ ሌሊት አንነዳም። ታጁራን ጨምረናል፤ ለጉምሩኩ ፈቃድም በዚህ ሳምንት እናመለክታለን። የቀረን የባቲ መመለሻ ነው፤ እርሱን ሚሌ ስንደርስ ከዚያ ከሚመጡ ሾፌሮች ጠይቀን እንወስናለን፣ ክፍት ካልሆነም በገዋኔና በአዋሽ በሚያልፈው ቀጥተኛ መንገድ እንመለሳለን።