የምሽት ቤቶችን ከመኖሪያ ሰፈር አውጥቶ ለብቻቸው ቀጠና መስጠት ያዋጣል?

ጥያቄ፦ የብሎክ ተወካይ (ቱሉ ዲምቱ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ከአቃቂ አልፎ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ የጋራ መኖሪያ ቤት ሳይት ውስጥ ነው። የብሎኮቹ ምድር ወለል ለንግድ ተብሎ በጨረታ የተሸጠ በመሆኑ መጀመሪያ ላይ ሱቅ፣ ፋርማሲና ጸጉር ቤት የነበሩት ክፍሎች ቀስ በቀስ ወደ ግሮሰሪና ላውንጅ ተለውጠዋል። ስፒከሩ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በፊት አይዘጋም። በቤቶቹ ፊት ለፊት ማታ ማታ የሚቆሙት ሴቶች ቁጥርም፣ እንደ እኔ ግምት የፒያሳና የካዛንቺስ አሮጌ ሰፈሮች ከፈረሱ ወዲህ፣ በግልጽ ጨምሯል። ጎረቤቶቼ ልጆቻቸው ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ሲወጡ በደረጃው ሥር ስለሚያገኙት የጠርሙስ ስባሪ አዘውትረው ያማርራሉ።

ባለፈው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ አንድ አባት ሐሳብ አቀረቡ። ምሽት ቤቶቹም ሆኑ የወሲብ ንግዱ ከብሎኮቹ ወጥተው፣ ከፈጣን መንገዱ መግቢያ ወዲያ ባለው ክፍት ቦታ ለብቻቸው ቀጠና ይከለልላቸው የሚል ነው። በካሪቢያን ባሕር ዳር ከተሞች ይህ ተሞክሮ እንደተሳካ ሰምተዋል። ብዙው ሰው አጨበጨበ፤ እኔም ሐሳቡን በደብዳቤ አዘጋጅቼ ለወረዳው እንዳቀርብ ተወከልኩ። ከመጻፌ በፊት ግን ሦስት ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ። በዚያ አገር በእርግጥ ሠርቷል ወይ? የእኛ ሕግ እንዲህ ያለ ቀጠና ይፈቅዳል ወይ? ሴቶቹስ በዚህ መካከል ምን ይሆናሉ? የሚያውቅ ሰው ቢያብራራልኝ ባለውለታው ነኝ።

መልስ 1፦ ሞተር ክፍል

ሰላም ለእርስዎ። ባቦጋያ በመርከብ መሐንዲስነት ሠልጥኜ በነዳጅ ጫኝ መርከቦች ላይ ሠርቻለሁ። የካሪቢያን ደሴቶቹ ኩራሳውና አሩባ የነዳጅ ማጣሪያና ዴፖ ስለነበራቸው ከምናዘወትራቸው ወደቦች መካከል ነበሩ፤ ስለዚህ አባታችን የሰሙት ወሬ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። «ተሳክቷል» በሚለው ግን አልስማማም።

ኩራሳው ላይ የሆነው እንዲህ ነው። የሼል ማጣሪያ ሠራተኛውና መርከበኛው ዋና ከተማውን ቪለምስታድን አጥለቅልቆት ስለነበር፣ ደሴቱን ያስተዳድር የነበረው የሆላንድ ቅኝ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1949 የወሲብ ንግዱን ከከተማ አውጥቶ፣ ወደ አየር ማረፊያው በሚወስደው በኩል፣ ካምፖ አሌግሬ በሚባል የታጠረ ግቢ ውስጥ አስገባው። ሴቶቹ አብዛኞቹ ከኮሎምቢያና ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የሚመጡ ሲሆኑ፣ የሚሰጣቸው ፈቃድ የሦስት ወር ብቻ ነበር፤ የሕክምና ምርመራውም ግዴታ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ እርስዎ ያሉበት ስብሰባ የሚመኘው ነገር ሁሉ ነበረው፤ አጥር፣ ጥበቃ፣ ምዝገባና ከመኖሪያ ሰፈር መራቅ። ይሁን እንጂ ግቢው እየሠራ ሳለ በየሰፈሩ «ስናክ» የሚሏቸው ትንንሽ መጠጥ ቤቶች እንደ አሸን ፈሉ። በእነዚህ ቤቶች ከደንበኛ ጋር ተቀምጠው እያጠጡ ከመጠጡ ሒሳብ ኮሚሽን የሚታሰብላቸው ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹ የመኖሪያ ወረቀት ስለሌላቸው ቢደበደቡም ፖሊስ ጋ መሄድ አይደፍሩም። ማለትም ግቢው ፈቃድ ያላቸውን ብቻ ሰበሰበ፤ ሌላው ንግድ እዚያው ሰፈር ውስጥ፣ ከቀድሞው በበለጠ ተደብቆ ቀጠለ። ካምፖ አሌግሬ ራሱ ከሰባ ዓመት ገደማ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 ተዘግቷል።

የአሩባዋ ሳን ኒኮላስ ደግሞ ሌላ ትምህርት አላት። የከተማዋ መጠጥ ቤቶች ማጣሪያው አጠገብ ተደርድረው የሚሠሩ ነበሩ፤ ሴቶቹም እንደ ኩራሳው በአጭር ጊዜ ፈቃድ ከኮሎምቢያ ይመጡ ነበር። ቀጠናውን ደግፎ ያኖረው ግን የፈረቃ ሠራተኛው ደመወዝ እንጂ ፕላን አልነበረም። የነዳጅ ኩባንያው ኤክሶን ማጣሪያውን እ.ኤ.አ. በ1985 ሲዘጋው ከተማዋ ደርቃ ቀረች፤ በኋላ በሌላ ኩባንያ ተከፍቶ እንደገና እ.ኤ.አ. በ2012 ቆመ። ዛሬ ጎብኚ የሚሄደው በግድግዳዎቿ ላይ የተሣሉትን ትልልቅ ሥዕሎች ለማየት ነው።

አባታችን የሰሙት ስለ ሶሱዋ ከሆነ ግን ጨርሶ የተለየ ነገር ነው። በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሰሜናዊ ጠረፍ ያለችው ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1940 ከናዚ የሸሹ አይሁድ በቀድሞ የሙዝ ኩባንያ መሬት ላይ የሰፈሩባት፣ ለረጅም ጊዜ በወተትና በሥጋ ውጤቶቿ የታወቀች ነበረች። ቱሪስት ሲበዛ መጠጥ ቤቶቹ በከተማዋ መካከል በፔድሮ ክሊሳንቴ ጎዳና ተደረደሩ፤ ቦታውን የመረጠው ገበያው ነው። በዚያ አገር አዋቂ ሴት በራሷ ፈቃድ ብትሠራ ወንጀል አይደለም፤ ደላላነት ግን ወንጀል ነው። ሆኖም አፈሳ ሲመጣ የሚታፈሱት ሴቶቹ እንጂ ደላሎቹ አይደሉም።

ወደ እኛ ልመለስ። ቱሉ ዲምቱ የአዳማ ፈጣን መንገድ መነሻ ነው፤ የአገራችን የገቢ ዕቃ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚገባው በጅቡቲ መስመር ነው፤ ሾፌሩና ረዳቱ ቃሊቲ ሲደርሱ አድረው ይወጣሉ። ምሽት ቤቶቹ እዚያ የበዙት በዚህ የተነሣ ነው። መኪኖቹ የሚያድሩበት ቦታ ሳይነካ ቤቶቹን ብቻ ወደ ሜዳ ብታወጧቸው፣ ባለቤቶቹ ዓመት ሳይሞላ በሌላ ስም ተመልሰው እደጃችሁ ይከፍታሉ።

መልስ 2፦ ባለሙያ (የከተማ ፕላን)

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ጥሩ ስለሆነ በሕጉ ላይ ብቻ ላተኩር።

የወሲብ ንግድ ቀጠና ይከለል ብሎ ለወረዳ መጻፍ ወረዳውን ሊያደርገው የማይችለውን ነገር መጠየቅ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 634 መሠረት በሌላ ሰው ዝሙት አዳሪነት ለጥቅም የሚተዳደር፣ ወይም እንደ ቤት ባለቤት ወይም እንደ አስተዳዳሪ ሆኖ የዚህ ዓይነት ቤት የሚያቆም ሰው በእስራትና በመቀጮ ይቀጣል። ሴቷ ራሷ አዋቂ ሆና በምትሠራው አትከሰስም፤ ቤቱን የሚያከራያት፣ የሚያስተዳድራትና ከገቢዋ እየተቀበለ የሚኖር ግን ይከሰሳል። አሁን አስቡት፤ መንግሥት ቦታውን ከልሎ፣ ሊዝ ሰጥቶ፣ ግብር ቢሰበስብበት በዚህ አንቀጽ ዓይን ማን ይባላል? ይህን የሚፈርም ኃላፊ የለም፤ ቢፈርምም ነገ አዲስ ኃላፊ ሲመጣ ይሰርዘዋል።

ፕላን ሊሠራው የሚችለው ሥራ ከዚህ ያነሰ ነው፤ ግን አይናቅም። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መዋቅራዊ ፕላን የሚወስነው የመሬትና የሕንፃ አገልግሎትን ነው፤ የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ እስከ ብሎክ ድረስ ወርዶ ይዘረዝረዋል። «ቅይጥ መኖሪያ» የተባለ ቦታ ንግድን ይቀበላል፤ ችግሩ ያለው ዳቦ ቤትና ናይት ክለብ ሁለቱም «ንግድ» ተብለው በአንድ ፈቃድ ሚዛን መታየታቸው ላይ ነው። ስለዚህ ደብዳቤያችሁ ስለ ሴቶቹ አንድም ቃል ሳያነሣ፣ ሰዎች ከላይ በሚተኙበት ሕንፃ ምድር ወለል ላይ ጮክ ያለ ሙዚቃ የሚያሰማ ቤት ፈቃድ እንዳይታደስለት ይጠይቅ። ከዚህ ጋር ሊጠቀስ የሚገባው የድምፅ ደረጃ አለ። በአገራችን ደረጃ በመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ)፣ በንግድ አካባቢ ደግሞ ቀን 65፣ ሌሊት 55 ዴሲቤል ከፍተኛው ልክ ነው፤ ሌሊት የሚባለውም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። እነዚህ ተፈጻሚ ቢሆኑ ከምታማርሩባቸው ቤቶች ግማሹ ወይ ይስተካከላል ወይ ይዘጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። እናንተ ዘንድ የከተማው ወሰን ቅርብ ነው፤ ገላን በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው በሸገር ከተማ ሥር ነው። አዲስ አበባ ብቻዋን ብታጠብቅ ቤቶቹ ወሰኑን ተሻግረው ለመክፈት የሚያስፈልጋቸው የባጃጅ መንገድ ብቻ ነው። ሁለቱ አስተዳደሮች ካልተነጋገሩ «ከፈጣን መንገዱ ወዲያ» የምትሉት ክፍት ቦታ የማን እንደሆነ እንኳ መጠየቅ ሊኖርባችሁ ነው።

መልስ 3፦ ባለግሮሰሪው

እኔ ከምታማርሩባቸው አንዱ ነኝ። ሱቁን በጨረታ ገዝቼዋለሁ፣ ግብር እከፍላለሁ፣ ንግድ ፈቃዴም ታድሷል። አራት ሰዓት ዝጋ ብትሉኝ የቤቱ ብድር አይከፈልም፤ ድምፁን ቀንስ ብትሉኝ ግን እሺ። ማንም መጥቶ በሥነ ሥርዓት ጠይቆኝ አያውቅም፤ የሚመጣው ደንብ አስከባሪ ነው፣ እሱም የሚፈልገው ነገር ከድምፁ ጋር አይገናኝም። ሴቶቹን በተመለከተ፣ በሬ ላይ መቆማቸው ለእኔም ገበያ ነው፤ አልዋሽም። ክፍል አከራይቼ ግን አላውቅም፤ ቤርጎ ያላቸውን ሰዎች ጠይቁ።

መልስ 4፦ ሲስተር

በዚሁ አካባቢ በጤና ጣቢያ እሠራለሁ፤ ሴቶቹንም በስማቸው አውቃቸዋለሁ። እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ጥሩ ሆኖ ሳለ ስለ እነሱ የተነገረው የት ይቁሙ የሚለው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጠያቂያችን ሦስተኛ ያደረጉትን ጥያቄ እኔ ልመልስ።

ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ የሚኖሩት እዚያው እናንተ ብሎክ ውስጥ ነው። ለሁለትና ለሦስት ሆነው ስቱዲዮ ይከራያሉ፤ ከመካከላቸው ልጅ ያላት አንዷ ልጇን ከእናንተ ልጆች ጋር ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ በዕድር ትከፍላለች፣ የሰፈሩ ሰው በቀን «እማማ እገሊት» ብሎ ሰላም ይላታል። ስለዚህ «ከሰፈር ማውጣት» ሲባል የሚወጣው ሥራቸው እንጂ እነሱ አይደሉም፤ ማታ ሄደው ንጋት ላይ ይመለሳሉ። ከፈጣን መንገዱ ወዲያ ያለው ሜዳ መብራት የለውም። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ባጃጅ ቢገኝ እንኳ የሚጠይቀው ሒሳብ የዕለቱን ገቢ ይበላል፤ ካልተገኘ በእግር ነው። አሁን ከደንበኛ ጋር ጠብ ቢነሣ የምትጮኸው እናንተ መስኮት ሥር ነው፣ ቢያንስ አንድ ሰው መብራት ያበራል። እዚያ ማን ይሰማታል?

የጤናውንም ነገር ላንሣ፤ በአጥር መከለል ምርመራን ያቀላል የሚል አስተሳሰብ አለና። በአገራችን ኤች አይ ቪ በአዋቂው ሕዝብ ዘንድ ከአንድ በመቶ በታች ሲሆን፣ በእነዚህ ሴቶች ዘንድ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሆኖም ወደ እኛ የሚያመጣቸው ግዴታ አይደለም። የሚያመጣቸው ከመካከላቸው የሠለጠነች ጓደኛቸው ከሥራ በፊት ቤታቸው ሄዳ ኮንዶም ስትሰጣቸውና አብራቸው ስትመጣ ነው። አፈሳ በተሰማ ሳምንት ክፍላችን ጭር ይላል፤ ቀጠሮ ያላቸው እንኳ መድኃኒት ሳይወስዱ ይቀራሉ። ቦርሳዋ ውስጥ ኮንዶም ስለተገኘ ብቻ እንደ ማስረጃ ተቆጥሮባት ታስራ ያደረች ልጅ ከዚያ በኋላ ኮንዶም ይዛ መውጣት እንደፈራች ነግራኛለች። ቀጠናው ተከልሎ በሩ ላይ ጥበቃና መዝገብ ቢቆም፣ ስማቸውን የማያስመዘግቡት ወዴት እንደሚሄዱ መርከበኛው ወንድማችን አስቀድሞ ጽፎላችኋል።

ጠያቂያችንን አንድ ነገር ልለምን። ደብዳቤው ላይ የመንገድ መብራት ይጨመርበት። ለሴቶቹም ለእናንተም ልጆች የሚጠቅም አንድ ነገር ከተፈለገ ከአደባባዩ እስከ ሳይቱ በር ያለው መንገድ መብራት ነው።

የጠያቂው ምላሽ፦ የብሎክ ተወካይ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለአባታችን የካሪቢያኑን ታሪክ አንብቤላቸው ነበር። «እንግዲያው ሰዎቹ አጥረውም አልሆነላቸውም በለኛ» ብለው ዝም አሉ፤ ቀጥለው ግን «እኔ መተኛት ነው የፈለግሁት» አሉ፤ እውነታቸውን ነው። የቀጠናውን ጥያቄ ከደብዳቤው አውጥቼዋለሁ። ስለ ድምፅ፣ ስለ ምድር ወለል ፈቃድና ስለ መንገድ መብራት ይጻፋል። ከኮሚቴው አንዳንዶቹ ስለ ሴቶቹ ካልተጻፈ አንፈርምም ብለዋል፤ ሲስተር ፈቃደኛ ከሆኑ በሚቀጥለው ስብሰባ መጥተው ቢያነጋግሯቸው መልካም ነው። ባለግሮሰሪውንም ጋብዤዋለሁ።

ለባለሙያው አንድ ቀሪ ጥያቄ አለኝ። ሙዚቃው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ዘፈኑ ሳይሰማ ድብደባው ብቻ ወለሉን ያንቀጠቅጠዋል። በስልክ መተግበሪያ የለካነው ዴሲቤል ተቀባይነት አለው ወይ?

መልስ፦ ባለሙያ (የከተማ ፕላን)

የስልክ ልኬት ለአቤቱታ መነሻ ይሆናል እንጂ ለቅጣት ማስረጃ አይበቃም፤ በተስተካከለ መሣሪያ እንዲለካላችሁ ለክፍለ ከተማው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቱ፤ ልኬቱም ከሱቁ በር ላይ ሳይሆን ቅሬታ አቅራቢው ከሚተኛበት ክፍል እንዲወሰድ ጠይቁ። ያሉት ድብደባ ቤዝ (የሙዚቃው ወፍራም ድምፅ) ነው። የስልክ መተግበሪያዎች አብዛኞቹ ይህን ወፍራም ድምፅ አሳንሰው ስለሚለኩት ቁጥሩ ትንሽ ቢመስል አትደነቁ። የኮንዶሚኒየሞቻችን ወለል በተገጣጣሚ ቢምና ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎክ የተሠራ በመሆኑ፣ ከወለሉ ወይም ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ ስፒከር ንዝረቱን በኮለኑ (በምሰሶው) በኩል እስከ ላይ ያደርሰዋል። ባለግሮሰሪው ስብሰባው ላይ ከመጣ፣ ትልቁን ስፒከር ከግድግዳው አርቆ በወፍራም ጎማ ላይ እንዲያስቀምጠውና ቤዙን እንዲቀንሰው ንገሩት፤ ወጪው ከአንድ ሳጥን ቢራ አይበልጥም፤ ልኬቱንም ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ብትወስዱት ለሌሎቹ ቤቶች የምታሳዩት ነገር ይኖራችኋል።