ጥቆማ፦ ሌንሴ ብዥ ይላል፣ ለማን ልስጠው?

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ። ካነን 600ዲ ከነ18-55 ሌንሱ ይዤ ሠርግና ልደት አነሳለሁ። ሰሞኑን አዳራሽ ውስጥ የማነሳው ፎቶ ሁሉ ብዥ ይላል። «ስታቢላይዘሩ ሞቷል» ተባልኩ። አዲስ አበባ ውስጥ ማን ጋ ላሠራው? ወይስ ሽጬ ሌላ ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንደዚያ ያለህ ሰው ሌንሱን አይቶታል? እኔም አንዴ እንዲሁ ተብዬ ለአንድ ጥገና ቤት ሰጠሁ። ሁለት ሳምንት ቆየ፣ ከፈልኩ፣ ብዥታው ግን አልለቀቀኝም። ለካ ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ሻተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) 1/30 ሰከንድ ላይ አድርጌ የሚጨፍር ሰው አነሳ ነበር። ስታቢላይዘር የሚይዘው የአንተን እጅ መንቀጥቀጥ ነው። እስክስታ አይይዝም።

ስለዚህ ብር ከማውጣትህ በፊት ቀን ላይ ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፍ። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስቀምጥ፣ ስታቢላይዘሩን አጥፋ። አንዱን በቪውፋይንደር (በዓይንህ በምታይበት መስኮት)፣ ሌላውን በላይቭ ቪው (ከኋላ ባለው ስክሪን) አንሳ። በላይቭ ቪው ጥርት ብሎ በቪውፋይንደር ብዥ ካለ፣ ሌንሱና ካሜራው ፎከስ ላይ አልተግባቡም ማለት ነው። 7ዲ፣ 70ዲ፣ 5ዲ ማርክ 2 ይህን የሚያስተካክል ሜኑ አላቸው፤ ያንተ የለውም። ሁለቱም ብዥ ካሉ ሌንሱን ጠርጥር። ሁለቱም ከጠሩ ሌንስህ ጤነኛ ነው፣ ሻተርህን 1/200 አድርስና ሥራህን ሥራ።

ስታቢላይዘሩን ለብቻው ለመፈተሽ ደግሞ 55 ላይ ዙም አድርግና በእጅህ ይዘህ በ1/15 አሥር ጊዜ አብርተህ፣ አሥር ጊዜ አጥፍተህ አንሳ። ሻተሩን በግማሽ ተጭነህ አንድ ሰከንድ ያህል ጠብቅ። ቀጭን ድምፅ መስማትህ ያለ ነው። አብርተህ ያነሳሃቸው አጥፍተህ ካነሳሃቸው ካልተሻሉ፣ ወይም ምስሉ ቪውፋይንደር ውስጥ ሳያቋርጥ ከዘለለ ግን እውነትም ሳይበላሽ አይቀርም።

ከተበላሸም ለዚህ ሌንስ የጥገና ብር አታውጣ፣ አያዋጣም። ዩዝድ 18-55 ኤስቲኤም ፈልግ፤ ፎከሱ ጸጥ ያለ ነው፣ ለቪዲዮም ይሻላል። ለአዳራሽ የእኔ ምርጫ ግን 50 ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም (ዙም የሌለው፣ የብርሃን ቀዳዳው ሰፊ የሆነ ሌንስ) ነው። ስታቢላይዘር የለውም። ቢሆንም ኪት ሌንስህ (ከካሜራው ጋር የመጣው 18-55) 55 ላይ ከሚያስገባው ብርሃን ወደ 10 እጥፍ ያስገባል። ችግሩ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ነው፣ ጀርባህ ግድግዳ እስኪነካ ታፈገፍጋለህ።

ፒያሳ ያሉትን ጠጋኞች ለተጣበቀ ዙም፣ ለአሸዋና ለተበጠሰ ገመድ እመርጣቸዋለሁ። ብቻ «ሌንሱን መልሰህ ስትገጥም ፎከሱን በምን ታስተካክላለህ?» ብለህ ጠይቅ። ዝም ካለህ ሌንስህን ይዘህ ውጣ። እንደ 24-105 ወይም 70-200 ያለ ውድ ሌንስ ከሆነ ግን ዱባይ ለሚሄድ ዘመድ ስጥ፤ ካነንም ኒከንም እዚያ ቢሮ አላቸው። ሴሪያል ቁጥሩን ፎቶ አንስተህ ላክ።

ሌላ አስተያየት፦ ዩዝድ የምትገዙ ኤፍ 11 ላይ (የብርሃን ቀዳዳውን አጥብባችሁ) ሳትሞክሩ ብር እንዳትሰጡ። እኔ 17-85 ስገዛ ሻጩ ፊት በሰፊው ቀዳዳ ብቻ አነሳሁ፣ ሠራ። ቤት ገብቼ ቀዳዳውን ሳጠበው ካሜራው «ኤረር 01» አለ። መገናኛ ነጥቦቹን በደረቅ ጨርቅ ጠረግኩ፣ ምንም። ውስጥ ያለው የአፐርቸር (የብርሃን ቀዳዳው) ገመድ ተቆርጧል። ኒከን የያዛችሁ ደግሞ ዲ3200 እና ዲ5300 ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የለም፤ 50 ኤኤፍ-ዲ (የራሱ ሞተር የሌለው ሌንስ) በርካሽ አገኘን ብላችሁ ብትገዙ በእጃችሁ ነው ፎከስ የምታደርጉት።

ጠያቂው፦ ጋዜጣውን ሞከርኩ። ሁለቱም ጥርት! ሙሽሮቹን እንግዲህ ምን ልበላቸው? ለቅዳሜ 50ውን የሚያከራይ የምታውቁ ጠቁሙኝ።